ከወርደና እስከ ዓለም አቀፍ አንባቢ፦ የደራሲ ሣህለሥላሴ ብርሃነማርያም የሕይወትና የድርሰት ጉዞ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ገበያዎች የተዘዋወረ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ከጉራጌ ምድር የመጣ ነጋዴ ከደንበኛው ጋር በኦሮምኛ ተነጋግሮ ይሸጣል፤ የዱቤ መዝገቡን በአማርኛ ይጽፋል፤ አመሻሽ ላይ ከወንድሙ ጋር ሂሳብ ሲተሳሰብ ደግሞ ወደ ቻሃኛ ወይም ወደ እዣኛ ይመለሳል። ሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ሱቅ ውስጥ ተስማምተው ይኖራሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ብዕርና ወረቀት ሲነሳ ነው። አማርኛውና ኦሮምኛው የሚጻፉበት ፊደል፣ የሚታተሙበት ጋዜጣና ሕፃናት የሚማሩበት መጽሐፍ ሲኖራቸው፣ ሦስተኛው ቋንቋ ግን ለረጅም ዘመን ከአፍ ያላለፈ የቤት ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል።

ይህን የቤት ቋንቋ ወስደው የረጅም ልብ ወለድ መጻፊያ ያደረጉት ደራሲ ሣህለሥላሴ ብርሃነማርያም ናቸው። ደራሲው በቻሃኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የጻፉ ሲሆን፣ በአገራችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውስጥ በሦስት ቋንቋዎች ልብ ወለድ ለማቅረብ ከበቁ እጅግ ጥቂት ጸሐፊዎች መካከል ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ከእርሳቸው ዘመን የነበሩት የእነ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ የእነ በዓሉ ግርማና የእነ ዳኛቸው ወርቁ ስም በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ ሲነሳ፣ የሣህለሥላሴ ስም የሚነሳው አልፎ አልፎ ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የመጻሕፍቱ ቋንቋ መሆኑ አያጠራጥርም። ዋና ዋና ሥራዎቻቸው ባሕር ማዶ የታተሙት በእንግሊዝኛ ነውና።

ደራሲው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1936፣ ማለትም ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረችበት ወቅት፣ በጉራጌ ምድር ወርደና በምትባል መንደር ነው። አካባቢው ቀደም ሲል በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሥር የነበረ ሲሆን፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆኗል። የቻሃ ገጠር የእንሰት አገር ነው። እንሰት ቆጮም፣ ቡላም፣ ገመድም፣ የቤት ምንጣፍም ይሆናል፤ ከጓሮ እየተነቀለ ዓመቱን በሙሉ ቤተሰብ ይመግባል። በሌላ በኩል መሬቱ ጠባብ፣ የሕዝቡ አሰፋፈርም የተጠጋጋ በመሆኑ፣ ወጣቶች ወደ ከተማ ወጥተው መሥራትን ከጥንት ጀምሮ ለምደውታል።

የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ በሐዲዱ ዳርና በኋላም ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ ላይ የተቆረቆሩትና የተስፋፉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለእነዚህ ወጣቶች የሥራ በር ከፍተዋል። አዳማ፣ መቂና ሻሸመኔ ከጉራጌ የመጡ ነጋዴዎችን ያላስተናገዱበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። በከተማ የሚኖረው የጉራጌ ተወላጅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥቶ ወደ ትውልድ ቦታው መንገድ ለመሥራት ማኅበር እስከ ማቋቋም የደረሰውም በመንደርና በከተማ መካከል ያለው ትስስር ስላልተበጠሰ ነው። የሣህለሥላሴ መጻሕፍት ዋና ጉዳይ ይኸው ትስስር ነው። ከመንደር የሚወጣ ልጅ ምን ይዞ ይወጣል፣ ምንስ ጥሎ ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በሥራዎቻቸው ውስጥ እየተመላለሰ ይነሳል።

ሣህለሥላሴ ከመንደራቸው የወጡት ለንግድ ሳይሆን ለትምህርት ነበር። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በእንድብር በሚገኘው የካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። በዚያ ዘመን ለቻሃ ልጅ ዘመናዊ ትምህርት ማለት ይኸው የሚሲዮን ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በ1943 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብተዋል። በኮሌጁ የማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ነበር። ቀጥሎም ወደ ፈረንሳይ ሄደው በኤክስ ማርሴይ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በዚህ ሁኔታ አንድ የወርደና ልጅ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው በቻሃኛ አፉን ፈትቶ፣ በአማርኛ ፊደል ቆጥሮ፣ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብቦ፣ በፈረንሳይኛ ትምህርት የተከታተለ ሰው ሆነ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የእናታቸው ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ እየራቀ መሄዱን ልብ ይሏል።

የሕይወታቸው አቅጣጫ የተለወጠው በአሜሪካ ነው። ሣህለሥላሴ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሎስ አንጀለስ ቅርንጫፍ ባቀኑበት ጊዜ በዚያ ያስተምሩ ከነበሩት ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ጋር ተዋወቁ። እ.ኤ.አ. በ1906 በፖላንድ የተወለዱት ሌስላው የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች በማጥናት ዕድሜያቸውን የፈጁ ምሁር ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በፈረንሳይ በማጎሪያ ካምፕ ታስረው ከቆዩ በኋላ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት እኚህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ እየተመላለሱ የጉራጌን ቋንቋዎች ከተናጋሪዎቹ አፍ እየሰሙ መዝግበዋል። በሦስት ቅጽ የተዘጋጀው የጉራጌ ቋንቋዎች ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላታቸው እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ ሲሆን፣ እርሳቸውም መቶ ዓመት ኖረው እ.ኤ.አ. በ2006 አርፈዋል።

የቋንቋ ተመራማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከተናጋሪው የሚፈልገው ቃልና ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ምን ትሉታላችሁ፣ ያ ግሥ እንዴት ይረባል እያለ ይጠይቃል፤ መልሱንም በካርድ ላይ ያሰፍራል። ሌስላው ግን ከዚህ አልፈው ወጣቱ ተማሪ ያደገበትን ሕይወት በራሱ ቋንቋ እንዲጽፍ አበረታቱት። ነገሩ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም እስከዚያ ቀን ድረስ ሣህለሥላሴን በቻሃኛ ጻፍ ብሎ የጠየቃቸው ትምህርት ቤት አልነበረም። ጥያቄው የመጣው ከትውልድ ቦታቸው በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቋንቋውን በጎልማሳነቱ ከተማረ የውጭ አገር ሰው መሆኑ ዛሬም ቢሆን በትምህርትና በባህል ዘርፍ ለሚሠራ ባለሙያ ቆም ብሎ የሚያስብበት ጉዳይ ነው።

ውጤቱ "የሽነጋ መንደር" የተሰኘው መጽሐፍ ሆነ። በቻሃኛ የተጻፈው ይህ ሥራ በሌስላው ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ለኅትመት በቃ። ንዑስ ርእሱ የኢትዮጵያ ሕይወት ትዕይንቶች የሚል ትርጉም ያለው ሲሆን፣ ይዘቱም ከርእሱ ጋር ይስማማል። ሽነጋ የተባለ ልጅ በቻሃ መንደር ያድጋል፤ የመንደሩን ሥርዓትና እምነት ይማራል፤ ከዚያም ትምህርት ቤት ይገባል፤ ወደ ከተማም ይወጣል። መጽሐፉ በታላቅ ሴራ ወይም በድንገተኛ ክስተት የሚጓዝ አይደለም። ጥንካሬው ውስጡን በሚያውቅ ሰው ዓይን መጻፉ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ዊልያም ሻክ ስለ ጉራጌ የእንሰት ባህል የታወቀ የጥናት መጽሐፍ አሳትመዋል። ሻክ መንደሩን ከውጭ ገብተው አጥንተውታል፤ ሣህለሥላሴ ደግሞ ከውስጥ ወጥተው ጽፈውታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው፣ ጥናት የቤቱን አሠራርና የጎሣውን ተዋረድ ሲነግረው፣ ልብ ወለድ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ ልጅ መሆን ምን እንደሚመስል እንደሚያሳየው ይረዳል።

በቻሃኛ መጻፍ የአንባቢ ችግር ብቻ ሳይሆን የፊደልም ችግር ነበረበት። ቻሃኛ በአማርኛ ፊደል በቀጥታ የማይወከሉ ድምፆች አሉት። ለምሳሌ አማርኛ "ሟ"፣ "ቧ"፣ "ፏ" እያለ ከአንድ አናባቢ ጋር ብቻ የሚጽፋቸውን የከንፈር ድምፆች ቻሃኛ ከሌሎች አናባቢዎችም ጋር ይጠቀምባቸዋል። ምላስን ወደ ላንቃ አስጠግተው የሚባሉ የ"ከ"፣ የ"ገ" እና የ"ቀ" ዓይነቶችም አሉት። እነዚህን ለይቶ ማሳየት ያልቻለ ጽሑፍ ሁለት የተለያዩ ቃላትን አንድ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። በተጨማሪም ቻሃኛ ከበርካታ የጉራጌ ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ፣ በእርሱ የተጻፈው መጽሐፍ የሙህርን፣ የእኖርንም ሆነ የሶዶን ተናጋሪ በእኩል ደረጃ ያገለግላል ማለት አይቻልም። ቋንቋ ይጻፍ ሲባል የትኛው ንግግር፣ በየትኛው ፊደል የሚለው ጥያቄ ወዲያውኑ እንደሚከተል በክልልና በዞን የሠሩ የሥራ ኃላፊዎች በሚገባ ያውቁታል።

ከዚህም የተነሳ አንድ ያልተጠበቀ ሁኔታ ተፈጠረ። ስለ ቻሃ መንደር በቻሃኛ የተጻፈው መጽሐፍ ለንባብ የደረሰው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቀድመው ያነበቡትም መንደሩን አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሆኑ። የሽነጋን ኑሮ የኖሩት አባቶችና እናቶች ግን አብዛኞቹ በየትኛውም ቋንቋ ማንበብ አይችሉም ነበር። ሣህለሥላሴ ከዚህ በኋላ በጻፏቸው መጻሕፍት ሁሉ ለማን ልጻፍ የሚለውን ጥያቄ በየጊዜው በተለያየ መንገድ ሲመልሱ እናያቸዋለን። ቀጥለው ያሳተሙት "ወጣት ይፍረደው" በአማርኛ የተጻፈ ነው። ወቅቱ የሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የአማርኛ ልብ ወለድ አንባቢ የበረከተበት ጊዜ በመሆኑ፣ ለአገር ውስጥ አንባቢ በአማርኛ መጻፍ ተገቢ ምርጫ እንደነበረ መገመት አያዳግትም።

ስማቸውን ከአገር ውጭ ይበልጥ ያስተዋወቀው ሥራ ግን እ.ኤ.አ. በ1969 በእንግሊዝኛ የታተመው "አፈርሳታ" ነው። መጽሐፉ የወጣው ሃይነማን የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ ያዘጋጀው በነበረው የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ ኅትመት ውስጥ ነው። ይህ ተከታታይ ኅትመት እ.ኤ.አ. በ1962 በናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ መጽሐፍ የተጀመረ ሲሆን፣ አቼቤ ራሳቸውም በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት የአርትኦት አማካሪው ሆነው ሠርተዋል። የአህጉሪቱ ደራስያን እርስ በርስ የተዋወቁት በአብዛኛው በእነዚህ መጻሕፍት አማካይነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ የጻፉት "አሥራ ሦስተኛው ፀሐይ" በዚሁ ኅትመት የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1973፣ ከ"አፈርሳታ" በኋላ ነው።

"አፈርሳታ" በተለይ ለመንግሥት ሠራተኛ ሊነበብ የሚገባው መጽሐፍ ነው ብሎ ይህ ጸሐፊ ያምናል። ምክንያቱም የመጽሐፉ ባለ ታሪክ አንድ ሰው ሳይሆን አንድ የአስተዳደርና የፍትሕ ሥርዓት ነውና። በአንዳንድ አካባቢ አውጫጭኝ ተብሎ የሚጠራው አፈርሳታ፣ ወንጀል ተፈጽሞ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያጣራበት ጥንታዊ ሥርዓት ነው። የአካባቢው ጎልማሶች በሙሉ በአንድ ሜዳ ይወጣሉ። የቀረ ሰው ይቀጣል። ሽማግሌዎች ተመርጠው እያንዳንዱ ያየውንና የሰማውን በመሐላ እንዲናገር ይጠየቃል። በግልጽ ለመመስከር የሚፈራ ሰው ምስጢሩን ለሽማግሌ ብቻ ሊነግር ይችላል፤ እንዲህ ያለው ምስጢር አቀባይ "ወፍ" ይባላል። ወንጀለኛው ካልታወቀ ስብሰባው በሌላ ቀን ይቀጥላል። መጨረሻውም ካልተገኘ ለተጎጂው የሚከፈለውን ካሣ አካባቢው በጋራ እንዲሸከም ሊደረግ ይችላል።

የልብ ወለዱ ታሪክ የሚነሳው ናማጋ የተባለ ሰው ጎጆ በአንድ ሌሊት ተቃጥሎ በማደሩ ነው። ቃጠሎውን ያደረሰውን ሰው ለማግኘት የሠላሳ መንደር ወንዶች ለአፈርሳታ ይጠራሉ። ደራሲው በስብሰባዎቹ መካከል የመንደሩን ኑሮ እየተረኩ፣ አንባቢው ጥፋተኛው ማን ይሆን ከሚለው ጥያቄ ይልቅ ይህ ሁሉ ሕዝብ በአንድነት እንዴት ይኖራል ወደሚለው እንዲያተኩር ያደርጋሉ። በሜዳው ላይ የተቀመጠው ገበሬ እርሻውን ጥሎ የመጣ ነው። ጎረቤቱን የሚጠረጥር አለ፤ ቢጠረጥርም ነገ አብሮት ስለሚኖር ዝም የሚል አለ። የሕግ አስከባሪ ቢሮ በቅርብ በሌለበት ቦታ ሕዝቡ ራሱ መርማሪም፣ ምስክርም፣ ተጠርጣሪም ይሆናል።

መጽሐፉ የወጣበት ጊዜም ሊጤን ይገባዋል። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በ1954 ዓ.ም. ወጥተው ነበር። በእነዚህ ዘመናዊ ሕጎች መሠረት ጥፋት የአንድ ሰው ሲሆን ምርመራም የፖሊስ ሥራ ነው። በመንደሩ ግን ጥፋት የአካባቢው ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይታይ ነበር። ሣህለሥላሴ አንዱን አሞግሰው ሌላውን አላወገዙም። አፈርሳታ የሕዝብ ተሳትፎ ያለበት ሥርዓት መሆኑን ያሳያሉ፤ ንጹሑን ከሥራው አስፈትቶ የሚያጉላላ መሆኑንም አይደብቁም። ዛሬ ስለ ባህላዊ የግጭት አፈታትና ስለ ሽማግሌዎች ሚና በየመድረኩ ጥናት ሲቀርብ ይህ መጽሐፍ እንደ ማስረጃ ሲጠቀስ ብዙም አለመሰማቱ የሚያስቆጭ ነው።

በሥራው ላይ የሚሰነዘር ትችት የለም ማለት አይደለም። "የሽነጋ መንደር"ም ሆነ "አፈርሳታ" ከልብ ወለድ ይልቅ ወደ ባህል ገለጻ ያደላሉ፤ ገጸ ባሕርያቱም ውስጣቸው በሚገባ አልተፈተሸም የሚል አስተያየት ይሰማል። ትችቱ መሠረት አለው። ስለ እንሰት አፋፋቅ ወይም ስለ በዓል አከባበር ለማያውቅ የውጭ አንባቢ ማስረዳት ያለበት ደራሲ፣ ለዚህ የሚያውለው ገጽ ከገጸ ባሕርይው ላይ መቀነሱ አይቀርም። ይህ ግን በከፊል የቋንቋው ምርጫ ያስከተለው ውጤት ነው። ለቻሃ አንባቢ ቢጻፍ ቆጮ ምን እንደሆነ ማስረዳት ባላስፈለገ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1974 በዚያው ተከታታይ ኅትመት የወጣው "ተዋጊው ንጉሥ" የተሰኘው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከጉራጌ መንደር ወጥቶ ወደ አገር ታሪክ የተሸጋገረ ነው። ርእሰ ጉዳዩ የቋራው ካሣ ከሽፍትነት ተነስተው ዐፄ ቴዎድሮስ እስከ መሆን የደረሱበት ጉዞ ነው። በዚያ ዘመን ቴዎድሮስ የደራስያን ሁሉ ቀልብ የሳቡ ንጉሥ ነበሩ። ብርሃኑ ዘሪሁን "የቴዎድሮስ ዕንባ"ን፣ አቤ ጉበኛ "አንድ ለናቱ"ን ጽፈዋል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ንጉሡን በመድረክ አቅርበዋል። ከዝቅተኛ ኑሮ ተነስቶ ዙፋን የያዘ ሰው ታሪክ፣ የዘር ሐረግ በሚቆጠርበት ሥርዓት ውስጥ ለሚኖር ትውልድ የሚናገረው ነገር ነበረው። የሣህለሥላሴ መጽሐፍ በታተመበት ዓመት ዘውዳዊው ሥርዓት ራሱ ወድቋል።

የዚያን ውድቀት ዋዜማ የሚተርከው "ፋየርብራንድስ" የተሰኘው ልብ ወለዳቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በለንደን ሎንግማን አሳታሚ ታትሟል። በዚህ ሥራ ደራሲው ከመንደር ሜዳ ወደ ቢሮ ገብተዋል። በሥልጣን መባለግና በሙስና የተዘፈቀ አሠራር፣ ይህን እሺ ብሎ ለመቀበል ያልፈለገ ወጣት ሠራተኛ፣ በውጭም የተማሪው እንቅስቃሴ የሚያቀጣጥለው ቁጣ የመጽሐፉ ጉዳዮች ናቸው። "አፈርሳታ" ውስጥ ሕዝቡ የጎጆ አቃጣዩን ፍለጋ በሜዳ ሲሰበሰብ አይተናል። በቢሮ ውስጥ ግን ሌባው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የሚጠራው አፈርሳታ ነው የጠፋው። ይህ ንጽጽር የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ነው፤ ይሁንና ሁለቱን መጻሕፍት በተከታታይ ያነበበ ሰው እንዲህ ሳያስብ የሚቀር አይመስለንም።

ሣህለሥላሴ በብዕራቸው ገቢ ብቻ አልኖሩም። በአገራችን ብዙ ደራስያን እንደሚያደርጉት በመደበኛ ሥራ ላይ ተሰማርተው በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ኤምባሲ ባልደረባ ሆነው አገልግለዋል፤ መጻሕፍቱም በትርፍ ጊዜ የተጻፉ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ዲፕሎማትና ሚኒስትር፣ በዓሉ ግርማ ጋዜጠኛና በኋላም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ ሆነው ሳለ እንደጻፉ ይታወሳል። የቢሮ ሥራ ለደራሲው እንጀራ ብቻ ሳይሆን ርእሰ ጉዳይም እንደሰጠው ከእነዚህ ሰዎች ሥራ መረዳት ይቻላል። ጊዜውን ግን መውሰዱ አልቀረም።

ከአብዮቱ በኋላ ሣህለሥላሴ እንደገና ወደ አማርኛ ተመልሰው "ባሻ ቅጣው"ን አቅርበዋል። ከዚህም ጎን ለጎን በትርጉም ሥራ ተጠምደው ቻርልስ ዲከንስ ስለ ለንደንና ስለ ፓሪስ የጻፈውን የፈረንሳይ አብዮት ልብ ወለድ እንዲሁም የቪክቶር ሁጎን ስለ ምስኪኖች የሚተርክ ታላቅ ሥራ ለአማርኛ አንባቢ አድርሰዋል። ሁለቱም መጻሕፍት ስለ ድህነት፣ ስለ ፍርድና ስለ አብዮት የሚናገሩ ናቸው። በወጣትነታቸው የወርደናን መንደር ለውጭ አንባቢ ያስተዋወቁት ደራሲ፣ ጎልማሳ ሲሆኑ የፓሪስን ጎዳና ለአገራቸው ሰው ማስተዋወቃቸው ነው። ብዙ ወጣቶች የእነዚህን መጻሕፍት ገጾች ሲያገላብጡ ተርጓሚው ራሱ የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ ኅትመት ደራሲ መሆኑን ሳያውቁ አንብበዋቸዋል።

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሥራና የገበያ ቋንቋ የሆነው ኦሮምኛ ከዚህ የተለየ መንገድ ተጉዟል። አናሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1899 ቢሆንም፣ በቋንቋው የልብ ወለድ ኅትመት የተስፋፋው ዘግይቶ ነው። በ1984 ዓ.ም. መግቢያ ቋንቋው በቁቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። የጋዲሳ ብሩ "ኩሳ ጋዶ" እና የዳባ ወዬሳ "ጎዳኒሳ" የተሰኙት ልብ ወለዶች ለአንባቢ የደረሱት በእነዚያው ዓመታት ነው። ከዚያ በኋላ ቋንቋው የክልሉ የሥራ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ በመሆኑ፣ አዳማ ወይም ባቱ ተቀምጦ በኦሮምኛ ለሚጽፍ ወጣት በትምህርት ቤት የተዘጋጀ አንባቢ አለው። ሣህለሥላሴ "የሽነጋ መንደር"ን ሲጽፉ ያልነበራቸው ይህ ነበር። ችሎታና ትዝታ በእጃቸው ነበር፤ በቻሃኛ ማንበብን የተማረ ሕፃን ግን አልነበረም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በር የከፈተ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንደሚኖራቸው ደንግጓል። መብቱ በወረቀት ላይ ከሰፈረ በኋላ የሚቀረው ሥራ ፊደል፣ መጽሐፍ፣ መምህርና የጽሕፈት መሣሪያ ማዘጋጀት ነው። ይህ ደግሞ በስብሰባ አዳራሽ የሚጠናቀቅ አይደለም። ለምሳሌ ኮምፒውተር አንድን ፊደል እንዲያውቀው በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ መመዝገብ ይኖርበታል። የግዕዝ ፊደል በዚህ ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ሰባት ቤት ጉራጌ የሚፈልጋቸው ተጨማሪ ሆሄያት ግን መካተት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ይህም "የሽነጋ መንደር" ከታተመ ከ41 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

እነርሱም በቂ ሆነው ባለመገኘታቸው ለጉራጌ ቋንቋዎች አጻጻፍ የሚያገለግሉ ሌሎች 28 ሆሄያት መስከረም 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በወጣው የዩኒኮድ እትም ተጨመሩ። በእነዚያ ቀናት መስቀል ሊገባ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም ነበር። የመስቀል ሰሞን የአዳማና የመቂ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ለአደራ ሰጥተው፣ ስጦታቸውን ሸክፈው፣ በአዲስ አበባና በወልቂጤ በኩል ወደ እንድብር የሚጓዙበት ወቅት ነው።